ዩኒቨርሲቲዎችና የከተማ ነዋሪዎች በጋራ የሚሠሩት ሥራ፦ ምርምር ለጽዱና ዘላቂ ከተማ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የዩኒቨርሲቲዎችን ተግባር በመማር ማስተማር ብቻ አይወስነውም። ምርምር ማካሄድና ማኅበረሰቡን ማገልገል ከመደበኛ ኃላፊነቶቻቸው መካከል ናቸው። በመሆኑም አንድ የከተማ ነዋሪ በሰፈሩ የሚፈሰውን እጣቢ፣ የሞላውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም መውጫ ያጣውን ደረቅ ቆሻሻ በተመለከተ በአቅራቢያው ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለመሥራት ሲጠይቅ፣ ተቋሙ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተሰጠውን ኃላፊነት እንዲወጣ መጠየቁ ነው፤ ልመና ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ይህ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲዎችና ነዋሪዎች በከተማ ንጽሕናና በቆሻሻ አያያዝ ላይ በጋራ የሠሩትን በተጨባጭ ምሳሌ ያስረዳል፤ ነዋሪዎች፣ ዕድሮችና በጽዳት ሥራ የተደራጁ ማኅበራት ጥያቄያቸውን የት እና እንዴት እንደሚያቀርቡም ያመለክታል።

የማኅበረሰብ አገልግሎት ልማድ ከየት መጣ

በአገራችን ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ከነዋሪው ጋር የማገናኘት ሥርዓት ሲነሳ ጅማ ቀድሞ ይጠቀሳል። የቀድሞው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የትምህርት ፍልስፍናውን በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ላይ ያቆመ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. ከጅማ ግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌ ይወርዳሉ፤ የቤተሰቦችን የውኃ፣ የመጸዳጃና የጤና ሁኔታ ይመዘግባሉ፤ ችግሮችን ከነዋሪው ጋር በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ከዚያም መፍትሔ ለማፈላለግ ይመለሳሉ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። መዝግቦ የሄደ ተማሪ ሳይመለስ ሲቀር ነዋሪው በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣው በሩን ለመክፈት ቢያመነታ አያስደንቅም።

የአርባ ምንጭ ተሞክሮ

አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አቅራቢያ የተቆረቆረች፣ ላይኛው ሼቻ እና ታችኛው ሲቀላ በሚባሉ ክፍሎች የምትታወቅ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 74,879 ነዋሪዎች ተመዝግበውባታል። ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር፣ ከደኑ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ሲሆን፣ ለመጠጥ የምትጠቀመውም የእነዚሁኑ ምንጮች ውኃ ነው። የፍሳሽ ማስወገጃ የቱቦ መስመር ያልነበራት በመሆኑ አብዛኛው ነዋሪ የሚጠቀመው በግቢው በተቆፈረ የጉድጓድ መጸዳጃ ነበር። የመጠጥ ውኃው ከሥሩ የሚፈልቅ ከተማ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ነገር ችላ ሊለው አይችልም።

በከተማዋ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የተቋቋመ፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገ ነው። ውኃ የጥንት ሙያው እንደመሆኑ፣ ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ሮዛ በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ ከከተማዋ የውኃ አገልግሎት ጋር በአጋርነት ተሳትፏል። ፕሮጀክቱ በአውሮፓ ኅብረት የምርምር ድጋፍ በአራት ከተሞች ተካሂዷል፤ እነርሱም የኢትዮጵያዋ አርባ ምንጭ፣ የኬንያዋ ናኩሩ፣ የታንዛኒያዋ አሩሻ እና የኡጋንዳዋ ኪትጉም ናቸው። የቪየና የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲም ከአጋሮቹ አንዱ ነበር።

የፕሮጀክቱ መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። ከቤት የሚወጣው ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ እጣቢና የወጥ ቤት ትራፊ እንደ ችግር ብቻ ከታየ ጉድጓድ እየሞላ ይሄዳል፤ እንደ ሀብት ከታየ ግን ተለይቶ ተይዞ ወደ አፈር ይመለሳል። በዚህ መሠረት የከተማዋ ነባራዊ ሁኔታ አስቀድሞ ተጠና፤ የተለያዩ የመጸዳጃ፣ የእጣቢና የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዘዴዎች በነዋሪዎች ግቢ ተገንብተው ተሞከሩ፤ በመጨረሻም ለከተማዋ የሳኒቴሽንና የቆሻሻ አያያዝ ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ተዘጋጀ።

ከተሞከሩት መካከል ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለየው ደረቅ መጸዳጃ ቤት በተለይ ሊብራራ ይገባዋል። መቀመጫው ከፊት ለፊቱ ሽንት የሚወርድበት ቀዳዳ ያለው ሲሆን፣ ሽንቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ጄሪካን ይገባል። ዓይነ ምድሩ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ከመሬት በላይ በተሠራ ደረቅ ክፍል ውስጥ ይወድቃል፤ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላም አመድ ይነሰነስበታል። አመዱ ሽታውንና ዝንቡን ይቀንሳል፤ ጀርሞችም እንዲሞቱ ይረዳል። ክፍሎቹ ሁለት ስለሚሆኑ አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ይቆያል፣ ሌላው ይሠራል። ጥልቅ ጉድጓድ ስለማያስፈልገው መሬቱ አለት በሆነበት ወይም አፈሩ በሚናድበት ቦታ ይመረጣል። በውኃ የሚታጠቡ ተጠቃሚዎች ግን የመታጠቢያው ውኃ ወደ ደረቁ ክፍል እንዳይገባ ለብቻው መውረጃ ሊዘጋጅላቸው ይገባል፤ ይህ በግንባታው ወቅት ከተዘነጋ ክፍሉ ይረጥባል፣ ሽታ ይፈጠራል፣ ቤተሰቡም መጸዳጃውን ይተወዋል።

የደረቀውን ይዘት ወደ ማሳ ለማውጣት ጊዜ ወሳኝ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የአየሩ ሙቀት ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሆንበት አካባቢ ዓይነ ምድሩ ሳይነካ ከ1 ዓመት በላይ መቆየት አለበት። ሽንት ደግሞ በ20 ዲግሪና ከዚያ በላይ በተዘጋ ዕቃ ለ6 ወራት ከቆየ ለማንኛውም ሰብል ሊውል ይችላል። የራሱን ሽንት ለራሱ ጓሮ የሚጠቀም ቤተሰብ ይህን ያህል መጠበቅ ባያስፈልገውም፣ ሽንቱ በተጨመረበትና ምርቱ በሚሰበሰብበት ቀን መካከል የ1 ወር ልዩነት መኖር አለበት። ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ማፍሰስና አፈር ማልበስ ይገባል።

ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ፋንታ ሁለት ዝቅተኛ ጉድጓዶችን በየተራ መጠቀም፣ ወይም ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ሲሞላ አፈር አልብሶ ዛፍ መትከል ሌሎቹ ዘዴዎች ነበሩ። ማንጎና ሙዝ በሚለመልምበት አካባቢ ይህ የመጨረሻው ለነዋሪው ለማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቅም።

ለእጣቢ የተሞከረው መፍትሔ የእጣቢ ማማ ይባላል። ማዳበሪያ ተብሎ በሚጠራው ከረጢት መሃል ጠጠር እንደ ምሰሶ ይደረደራል፣ ዙሪያው ከአመድና ከብስባሽ ጋር በተቀላቀለ አፈር ይሞላል፣ ከረጢቱ ጎንና ጎኑ እየተበሳ ጎመንና ሌላ አትክልት ይተከልበታል። የልብስና የዕቃ እጣቢ በየቀኑ ከላይ ወደ ጠጠሩ ይፈሳል። ደጅ የሚፈሰው ውኃ ይቀራል፤ ጠባብ ግቢ ያለው ቤተሰብም ጎመን ያገኛል። ዘይት የበዛበት የወጥ ቤት እጣቢ ግን ጠጠሩንና አፈሩን ስለሚደፍነው ቀድሞ መጣራት አለበት። የሳሙናው ጨው አፈሩን እንዳይጎዳው አልፎ አልፎ ንጹሕ ውኃ ማፍሰስም ይመከራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የተደራጁ ወጣቶች ድርሻ ጎልቶ ይታያል። «ውበት ለአርባ ምንጭ» የተባለው ማኅበር ደረቅ ቆሻሻ ይሰበስብ ነበር፤ «እኛን ነው ማየት» የተባለው የወጣቶች ማኅበር ደግሞ ኮምፖስት አምራች ነበር። ስያሜው ራሱ በቆሻሻ ሥራ ላይ ለሚሰነዘረው ንቀት መልስ ይመስላል። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ሥልጠናና ቴክኒካዊ ክትትል፣ የከተማው ድርሻ ቦታና ፈቃድ፣ የወጣቶቹ ድርሻ ጉልበትና የዕለት ተዕለት አስተዳደር ሲሆን እያንዳንዱ ወገን የሚጠየቅበት ነገር ግልጽ ይሆናል።

ነገሩ ሁሉ የተሳካ ነበር ማለት አይደለም። ፕሮጀክቱ በተካሄደባቸው ዓመታት የግንባታ ዕቃ ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ እጅግ ንሮ ስለነበር፣ ሁለት ክፍል ያለው መጸዳጃ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ውድ ነበር። ሽንቱን ከሚጠራቀምበት ቤት አርሶ አደሩ ወዳለበት ማሳ ማጓጓዝም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ኮምፖስት ደግሞ ገዢ ይፈልጋል። ቤተ ሙከራ ሊፈታው የሚችለው የኮምፖስቱን ጥራት እንጂ ገበያውን አይደለም። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በሞሮኮና በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው ክላራ የተባለው ተከታይ ፕሮጀክት፣ ይህንኑ የወጪ ጥያቄ ይዞ ነው የተነሳው። ያዘጋጀው የዕቅድ መሣሪያ አንድ አነስተኛ ከተማ አማራጮችን ሲያወዳድር የግንባታውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዓመታት የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውንም አብሮ እንዲያሰላ የሚያስችል ነው። ርካሽ መስሎ የተገነባ ብዙ ነገር ውድ የሚሆነው በጥገናው ስለሆነ፣ ለነዋሪውም ቢሆን ከመጸዳጃው ንድፍ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ስሌት ሳይሆን አይቀርም።

የቆሼ ትምህርት

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ረጲ አካባቢ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ቦታ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የቆሻሻ አያያዝ የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የዚያን ያህል በግልጽ ያሳየ ክስተት የለም።

ከአደጋው በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም በኩል በጃፓን ድጋፍ ቦታውን ለማረጋጋት የተሠራበት ዘዴ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ውጤት ነው። የፉኩኦካ ዘዴ ይባላል፤ የጃፓኑ የፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ ከፉኩኦካ ከተማ ጋር ያዳበረው ነው። በቆሻሻው ሥር የተበሱ ቱቦዎች በድንጋይ ተከበው ይዘረጋሉ። ከቆሻሻው የሚወጣው ፍሳሽ በቱቦዎቹ ይወጣል፣ በዚያው መንገድ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የሚያመነጨው ሚቴንም ይቀንሳል። ቱቦውና ድንጋዩ በአካባቢው ሊገኙ የሚችሉ በመሆናቸው ውድ ማሽን አይጠይቅም።

ከአደጋው አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሰንዳፋ የተከፈተው አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሥራ ማቆሙና ቆሻሻው ወደ ቆሼ መመለሱም የሚታወስ ነው። ዘመናዊ ዲዛይን ያለው ማስወገጃ እንኳ ጎረቤቶቹ ካልተቀበሉት አይሠራም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከተማ አስተዳደሮች የቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ ሲያዘጋጁና ሲተገብሩ የታችኛው የአስተዳደር እርከንና ነዋሪው መሳተፋቸውን እንዲያረጋግጡ ያስገድድ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነዋሪው ጥያቄውን የሚያቀርበው የት ነው

አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የሚመራ ምክትል ፕሬዚዳንት ያላቸው ሲሆን፣ በሥሩ የማኅበረሰብ አገልግሎት ጉዳይን የሚከታተል ክፍል ይገኛል። ጥያቄው በደብዳቤ ለዚህ ክፍል ይቀርባል፤ ግልባጩ ለወረዳው ወይም ለቀበሌው ጽሕፈት ቤትና ለከተማው የጽዳት ወይም የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ቢደርስ ጉዳዩ በፍጥነት ይታያል። በግለሰብ ስም ከሚቀርብ ይልቅ በዕድር፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበር፣ በትምህርት ቤት ወይም በተደራጀ ማኅበር ስም የሚቀርብ ጥያቄ የተሻለ ክብደት አለው፤ ተመራማሪው የሚፈልገው አንድ ግቢ ሳይሆን የጋራ ችግር ነውና።

ደብዳቤው ረዥም መሆን አይጠበቅበትም። ችግሩ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚነካ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለና እስከ አሁን ምን እንደተሞከረ ከተገለጸ ይበቃል። በክረምትና በበጋ የተነሳ ፎቶግራፍ ቢያያዝ መልካም ነው፤ በጥር ወር ደርቆ የሚታይ ቦይ በነሐሴ ምን እንደሚመስል መርማሪው ላያውቅ ይችላል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ በጀት የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ማቅረብ ያስፈልጋል። በተማሪ የመመረቂያ ጥናት ሊሸፈን የሚችል ጥያቄ ግን፣ ለምሳሌ የውኃ ናሙና ምርመራ ወይም የአንድ ሰፈር የቆሻሻ መጠን ልኬት፣ የዓመቱ የምርምር ርዕስ በሚመረጥበት ወቅት ለሚመለከተው የትምህርት ክፍል በቀጥታ ቢቀርብ ይመረጣል።

የማኅበረሰብ አገልግሎትና የማማከር አገልግሎት የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። ሁለተኛው በክፍያ የሚሰጥ ነው። ጥያቄው በየትኛው እንደሚስተናገድ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ኋላ ከሚፈጠር አለመግባባት ያድናል።

በግቢያቸው ሙከራ እንዲካሄድ ለሚጠየቁ ነዋሪዎች

መረጃ ለመሰብሰብ ቤት ለቤት የሚሄድ ተመራማሪ መታወቂያውንና የተቋሙን የድጋፍ ደብዳቤ ማሳየት፣ የጥናቱን ዓላማ ማስረዳትና ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ነዋሪው መልስ ላለመስጠት ወይም መሃል ላይ ለማቋረጥ መብት አለው፤ ባለመሳተፉም ከቀበሌ የሚያገኘው አገልግሎት አይጓደልበትም። ስምን፣ ስልክንና የጤና ሁኔታን የመሳሰሉ መረጃዎች አያያዝ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይገዛል።

መጸዳጃ፣ የባዮጋዝ ጉድጓድ ወይም ሌላ ነገር በሙከራነት እንዲገነባ የሚስማማ ቤተሰብ ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግንባታው የማን ይሆናል? ሲሞላ ማን ያነሳዋል፣ በማን ወጪ? የተሰበረ ዕቃ በከተማው ገበያ ይገኛል ወይስ ከውጭ መምጣት አለበት? ቤቱ የኪራይ ከሆነ ባለቤቱ ተስማምቷል? አጥጋቢ መልስ ያላገኘ ቤተሰብ ፊርማውን ቢያቆይ ተባባሪ አይደለም ሊባል አይገባም። ሙከራ በባሕርይው ሊከሽፍ ይችላል፤ የከሸፈውን ማን እንደሚያፈርሰው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ኮምፖስት ለማምረት ለሚደራጁ

ደረቅ ቆሻሻ ለመሰብሰብ ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤተሰቦችም መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሌላው መለየት ይጠበቅባቸዋል። ፕላስቲኩንና ብረቱን ቆራሌው አስቀድሞ ስለሚወስደው፣ ለአምራቹ ማኅበር የሚተርፈው በአብዛኛው የወጥ ቤት ትራፊና ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ለኮምፖስት የሚፈለገውም ይኸው ነው። ፌስታልን በተመለከተ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ስለሚከለክል፣ ማኅበራት ለመሰብሰቢያ የሚጠቀሙበትን ዕቃ ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

ጥሩ ኮምፖስት እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ የሚያሳይ እንጂ የሚንጠባጠብ አይደለም። ክምሩ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ የአረም ዘርና ጀርም ይሞታል፤ በየጊዜው ካልተገላበጠ ግን ሙቀቱ መሃሉ ላይ ብቻ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ለማኅበራት ሊሰጥ ከሚችለው ድጋፍ ሁሉ ጠቃሚው የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው፦ የንጥረ ነገር ይዘቱን፣ ከባድ ብረቶች መኖር አለመኖራቸውን፣ ብስለቱን። የምርመራ ውጤት በእጁ የያዘ ማኅበር ከአበባ እርሻም ሆነ ከከተማ አረንጓዴ ልማት ጽሕፈት ቤት ጋር ለመደራደር ይችላል፤ ያለ ውጤት ግን ምርቱ በገዢው ዓይን አፈር ነው።

በሰፈሩ ጥናት የተካሄደበት ነዋሪ ውጤቱን የማወቅ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጥናቶችን በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ፤ ያልተገኘውን ከትምህርት ክፍሉ መጠየቅ ይቻላል። የመንግሥት ተቋም የያዘው መረጃ ሲሆን፣ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የቀረበ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ ሊያገኝ ይገባል። የጥያቄው ቅጂና የገባበት ቀን የተጻፈበት ማኅተም ከጠያቂው እጅ መቅረት አለበት።